ጋሽ ሰይፉና ሁለቱ ጋሎን

ጋሽ ሰይፉ ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነው። ልጃቸው ገነት ከአዲስ አበባ ደውላ፣ «ጋሽ ሸምሱ፣ ስልክዎ ጠፍቶብን እስከ ዛሬ ሳንነግርዎት ቀረን። አባዬ አርፏል» አለችኝ። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቆሜ ነበር። እኔ ላጽናናት ሲገባኝ እሷ አጽናናችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ታመው ሳልጠይቃቸው፣ ሞተው ለቅሶ ሳልደርስ መቅረቴ ቆጨኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤን የጫነው እሱ ብቻ አይደለም። ጋሽ ሰይፉን ባሰብኩ ቁጥር ከጎናቸው ሌላ ሰው ይቆምብኛል፤ ከድር የሚባል የፓምፕ ሠራተኛ። ሁለቱን ለያይቼ ማስታወስ እስከ ዛሬ አልሆነልኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ጅማ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጅማ የከተመ ልብስ ሰፊ፣ እናቴ ደግሞ የዚሁ አገር ኦሮሞ ናት። ሁለቱንም ቋንቋ ቤቴ ውስጥ ነው የለመድኩት። ጋሽ ሰይፉ የውሃ ባለሙያ ሆነው ከሸዋ ተመድበው ሲመጡ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቁም። ሥራቸው በየቡናው አገር ለሚተከሉት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ውሃ ማድረስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከገበሬ ጋር ነው የሚውሉት። ስለዚህ እኔ ሾፌራቸውም አፋቸውም ሆንኩ።

አጭር፣ አንገታቸው ደንደን ያለ ሰው ነበሩ። በጋ ከክረምት የጎማ ቦቲ ያደርጋሉ። ከኪሳቸው የሩጫ አሠልጣኞች የሚይዙት ዓይነት ሰዓት አይለይም። ሻይ ቤት ገብተን የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ሲንጠባጠብ ካዩ ብርጭቆ ይደግኑበትና ሰዓታቸውን ጫን ያደርጋሉ። ከዚያ ባለቤቱን ጠርተው ቧንቧው በቀን ስንት ባልዲ እንደሚያባክን ይነግሩታል። አርብ ቀን ከመስጊድ የሚወጣውን ሰው ሳይቀር መኪና ውስጥ ሆነው በደቂቃ ስንት እንደሚወጣ ሲቆጥሩ አይቻቸዋለሁ። «በበሩ ስፋት ልክ ነው የሚፈሰው፤ ሰውም እንደ ውሃ ነው» ይሉኛል። የሚጠሉት ቃል «ብዙ» ነበር። ገበሬው «ወንዛችን ብዙ ውሃ አለው» ካላቸው፣ «ብዙ ማለት ስንት ነው?» ይሉና ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ።

መጋዘናችን ከየአገሩ የመጣ ብረት የታጨቀበት ነበር። ቧንቧው ጣሊያን የተወው ነው። መጽሐፉ የአሜሪካን ነው። ሞተሩ ከሶሻሊስት አገሮች፣ ፓምፑ ደግሞ ከሌላ ቦታ ይመጣል። «የእኛ ሥራ ሽምግልና ነው ሸምሱ» ይሉ ነበር ጋሽ ሰይፉ። «ቧንቧው በሊትር ያወራል፣ መጽሐፉ በኩቢክ ፊት ያወራል፣ ፓምፑ በጋሎን ያወራል። እኔ መሀል ገብቼ አስማማቸዋለሁ።» ማስማማቱንም ይችሉበታል። እየነዳሁ ለመንገድ ማሳጠሪያ እጠይቃቸዋለሁ።

«አንድ ኩቢክ ፊት በሰከንድ?»

«ሃያ ስምንት ሊትር ከሦስት።»

«መቶ ጋሎን በደቂቃ?»

«ስድስት ነጥብ ሦስት ሊትር በሰከንድ። ከበድ ያለ ጠይቀኝ እንጂ!»

ያስተማሯቸው አሜሪካኖች ነበሩ። ጋሎን የሚባለውንም ነገር የተማሩት ከእነሱ ነው። ያኔ ይኼ ምን ለውጥ ያመጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እሳቸውም አላሰቡት።

ከሰርቦ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ታጥፎ የሚገባበት ጨፌ የሚሉት መንደር አለ። ጨፌ ማለት ረግረግ ማለት ነው፤ መንደሩ ስሙን ያገኘው ከበላዩ ካለው ረግረግ ነው። ከረግረጉ ሽቅብ ባለችው ወንዝ ዳር አዲስ የማጠቢያ ጣቢያ እንዲተከል ተወሰነ። የወንዟ ውሃ ጣቢያውን አልፎ፣ ረግረጉን አቋርጦ ነው መንደሩ የሚደርሰው። ጋሽ ሰይፉ የቡናው ለቀማ በሚያልቅበት በጥር ወር፣ ወንዟ ስትቀጥን፣ ለኩ። በሰከንድ አሥራ ስምንት ሊትር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ከመጀመሩ በፊት የመንደሩ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ጠሩን። አለቃቸው አባ ተማም ነበሩ፤ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው።

«ማሽናችሁ የሚጠጣውን ይጠጣ። ለእኛ ምን ይተርፋል?» አሉ በኦሮምኛ። ተረጎምኩላቸው።

ጋሽ ሰይፉ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዳሉ። «ፓምፑ ላይ የተጻፈው ሁለት መቶ ጋሎን በደቂቃ ነው። በሰከንድ ሲመታ አሥራ ሦስት ሊትር አይሞላም። ከአሥራ ስምንቱ አምስት ሊትር ከምናምን ይቀራል። ሦስቱን ረግረጉ ይጠጣዋል። በዚያው በደረቁ ወር እንኳ ከሁለት ሊትር በላይ በየሰከንዱ መንደሩ ይደርሳል በላቸው።»

«ሁለት ሊትር ምን ያህል ነው?» አሉ አባ ተማም።

ጋሽ ሰይፉ ዞር ዞር ብለው አዩና ከአንዲት ሴት እጅ ቅል ተቀበሉ። ቅሉን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ ሌላውን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልብዎ አንድ ጊዜ በመታ ቁጥር አንድ ቅል ውሃ። ሌት ተቀን። አይጎድልም በላቸው።»

አባ ተማም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዳመጡና ሳቁ። ሰውም ሳቀ። «ኢንሻአላህ» ተባለ፤ ተመረቅን። ያን ቃል የሰጡት ጋሽ ሰይፉ ናቸው። በመንደሩ ጆሮ የገባው ግን የእኔ ድምፅ ነው።

ፓምፑን የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ከራሱ ከጨፌ ከድር ተቀጠረ። አማርኛ ይችላል፣ ሞተርም ሰርቦ ወፍጮ ቤት ሠርቶ ያውቃል። ጋሽ ሰይፉ ወንዝ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እኔ ከእሱ ጋር ነበር የምውለው። ሚስቱ ዘምዘም የላከችለትን ምሳ ለሁለት እንበላለን። ቁም ነገረኛ ልጅ ነው፤ የተሰጠውን ቁልፍ እንኳ በገመድ አንገቱ ላይ ነበር የሚያስረው። ፓምፑ ሁለት ነበር። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው የመጀመሪያው ቢበላሽ ተብሎ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ለቀማው ሲጋጋል ፓምፑ ሌት ተቀን ይሠራ ጀመር። የቡናው ኮታ ከላይ የመጣ ስለሆነ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ እንቅልፍ የለውም። ወሩ ጥር ሲገባ ጨፌ ውሃ ጠፋ። መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ የልብ ምት የተባለለት ቅል ቀርቶ ጠብታ ጠፋ። ሴቶቹ በተራራው በወዲያ በኩል ካለ ወንዝ መቅዳት ጀመሩ። ከብቱ ውሃ ፍለጋ ረግረጉ ውስጥ እየገባ ይያዝ ነበር፤ የአባ ተማም ጥጃ ጭቃ ውስጥ ቀረች። ልጆች ከረግረጉ ኩሬ እየጠጡ ተቅማጥ ያዛቸው። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ጣቢያው ድረስ ወጡ፤ ሥራ አስኪያጁም እኛን ከጅማ አስጠራን።

ጋሽ ሰይፉ ወርደው ወንዙን ከፓምፑ በላይ ለኩ። አሥራ ስምንት ሊትር፤ እንደተባለው። ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተው ከወንዙ ወጡ። ግቢው በሰው ተሞልቷል።

«በአንድ ፓምፕ ይኼ ሊሆን አይችልም» አሉ። «በሰከንድ አምስት ሊትር እዚህ ጋ ማለፍ ነበረበት። መንደሩ ግን ጠብታ አልደረሰውም። ሌሊት ሌሊት መጠባበቂያውን አብረው ያስነሱታል ማለት ነው።»

«ማን ያስነሳዋል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቁልፉ ያለው ሰው ነዋ። ገንዳውን ቶሎ ሞልቶ ሊተኛ።»

ከድር ከፓምፑ ቤት በር ላይ ቆሞ ነበር። «ወላሂ አልነካሁትም! ጋሽ ሰይፉ፣ ወላሂ እጄ አልነካውም!»

«ቁጥሩ ነው የሚናገረው፣ እኔ አይደለሁም» አሉት። በክፋት አልነበረም። አዝነው ነው ያሉት፤ ጎበዝ ተማሪውን ሲኮርጅ እንዳገኘው መምህር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ከድር ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ቃል በቃል፣ ሳላስቀር ተረጎምኩ፤ ቁልፉንም፣ ሊተኛ የሚለውንም። የገዛ መንደሩ ሰዎች ወደ እሱ ዞሩ። አንዲት ሴት የማልደግመውን ነገር አለችው። ሥራ አስኪያጁ «አሻጥር ነው» አለ፤ በዚያ ዘመን ይህቺ ቃል ከተነገረች በኋላ ሌላ ምርመራ የለም። የገበሬ ማህበሩ ጥበቃዎች ቁልፉን ከአንገቱ በጠሱና ይዘውት ሄዱ። እኛም ጅማ ተመለስን። መንገድ ላይ ጋሽ ሰይፉ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ «ያሳዝናል። ደህና ልጅ ይመስለኝ ነበር።» እኔም «እኔም» አልኩ።

ሳምንት ያህል ቆይቶ ይመስለኛል፣ ዘምዘም መሥሪያ ቤታችን በር ድረስ መጣች። ከጨፌ ሰርቦ በእግሯ፣ ከሰርቦ በጭነት መኪና ነው የመጣችው። ሕፃን ልጅ አዝላለች። ጋሽ ሰይፉን ስታይ አላለቀሰችም፣ እግራቸውም ላይ አልወደቀችም። ቆማ ተናገረች፤ እኔም ተረጎምኩ።

«ባሌን በየቀኑ ይደበድቡታል። የመጣሁት ግን እሱን ልለምንዎ አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ያ ሞተር ሲነሳ መንደሩ ሁሉ ይሰማዋል። እሱን እየሰማን ነው የምንተኛው፣ እሱን እየሰማን ነው የምንነሳው። አንድ ሞተር ነው። ሁለት ሲሆን የሰማ ሰው የለም። ማንንም ይጠይቁ። የሁለት ሞተር ድምፅ ይደበቃል?»

ጋሽ ሰይፉ ባርኔጣቸውን አደረጉ። ከዚያ «መኪናዋን አስነሳ» አሉኝ።

ሴትየዋን ከነልጇ ከኋላ አስቀምጠን ሄድን። ጣቢያው ስንደርስ ማንንም ሳያናግሩ ወደ ፓምፑ ቤት ገቡ። መጠባበቂያውን ሞተር ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጭስ ማውጫውን ጫፍ አዩና ሽቦ ከመሬት አንስተው ወደ ውስጥ ሰደዱ። ሲያወጡት ደረቅ ጭቃ ይዞ ወጣ። ተርብ ቤቷን ሠርታበት ነበር፤ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ጭስ አልወጣበትም።

«ያን ቀን ጎንበስ ብል ኖሮ» አሉ። «ጎንበስ ብል ብቻ።»

ቀጥለው የነዳጅ በርሜል አስመጡ፤ ሁለት መቶ ሊትር የሚይዘውን። የሚሠራውን ፓምፕ ማውጫ ወደ በርሜሉ አስዞሩና ሰዓታቸውን አወጡ። «ሰሌዳው እውነት ከሆነ በአሥራ ስድስት ሰከንድ ይሞላል» አሉኝ። በአሥራ ሦስት ሞልቶ ፈሰሰ። አስደፉት። በድጋሚ አሥራ ሦስት። ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው አዳመጡ፤ ከዚያ የእኔን የእጅ ሰዓት ተቀብለው ለኩ። አልተለወጠም።

ፓምፑ ላይ የተለጠፈችውን የነሐስ ሰሌዳ በእጅጌያቸው ጠረጉና በጉልበታቸው ተንበርክከው አነበቡ። ሁለት መቶ ጋሎን በደቂቃ። ከሥሯ በደቃቅ ፊደል የተሠራበት አገር ተጽፏል፤ እንግሊዝ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ጋሎን ሁለት ነው ሸምሱ። የአሜሪካኑ ሦስት ሊትር ከሰባ ስምንት ነው። የእንግሊዙ አራት ተኩል ያልፋል። ስማቸው አንድ ነው። እኔ የለመድኩትን ይዤ መታሁት።» ወደ በርሜሉ አዩ። «በሰከንድ አሥራ አምስት ሊትር ይወስዳል። ለረግረጉ ሦስት ብቻ ነው የተውኩት፣ ሦስቱን ረግረጉ ጠጣው። ለሰዎቹ የቀረ የለም። ከድር ምንም አላደረገም። እኔ ነኝ የጠጣሁባቸው።»

ዘምዘም በሩ ላይ ቆማ ነበር። አማርኛ ብዙም አትሰማም፤ የባሏ ስም ሲነሳ ግን ሰማች። ምን አሉ አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውጭ ወጣች።

ጋሽ ሰይፉ ከመሬት ተነስተው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የፓምፑን ቫልቭ ጠበብ ማድረግ ነው። በርሜሉ አሥራ ስድስት ሰከንድ እስኪፈጅ ድረስ ጥቂት በጥቂት አጠበቡት፤ የቆመበትንም ቦታ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉበት። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄድን። ሁሉንም ነገሩት። ሰውየው ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ጓድ ሰይፉ፣ አስብበት። ይኼን አፍህ ከተናገረው ስሙ ስህተት አይደለም። አገር የሚያውቀው ባለሙያ የመንግሥትን ሥራ አበላሸ ይባላል። ቫልቩን አጥብበሃል፣ ውሃው ይመጣል፣ አለቀ። ልጁንም ለቀማው ሲያልቅ እናስፈታዋለን። ትንሽ ጊዜ ነው።»

«ትንሽ ማለት ስንት ነው?» አሉት ጋሽ ሰይፉ።

በሩን ከፍተው ወጡ።

ዋርካው ሥር ሰው ተሰበሰበ። ውሃው ገና አልደረሰም፤ ሰዉ ፊቱን አጥቁሮ ነው የተቀመጠው። እኔ እየፈራሁ ነበር። የፈራሁት ለእሳቸው ነው፤ ለራሴም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ጋሽ ሰይፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ውሃችሁን ያጠፋው ከድር አይደለም። እኔ ነኝ። አንዱን መስፈሪያ ከሌላው ሳልለይ ቀርቼ በስሌቴ ተሳሳትኩ። ከዚያ የገዛ ጥፋቴን በንጹህ ሰው ላይ አላከክሁ» አሉ። እኔ ደግሞ አስቤ፣ አለዝቤ፣ በኦሮምኛ «የማሽኑ መለኪያ ተሳስቶ ነው፤ በከድር የተፈረደው በስህተት ነው» ብዬ ተረጎምኩ። ውለታ የዋልኩላቸው መስሎኝ ነበር።

ከእኔ ጋር ሲዞሩ ኦሮምኛ ጆሯቸው ውስጥ እየገባ እንደነበር አላውቅም። ክንዴን ያዙና ወደ ጎን አደረጉኝ። ወደ ሕዝቡ አንድ እርምጃ ተራምደው፣ በተሰባበረ አነጋገር፣ ጮክ ብለው፣ «መኪና ሚቲ! አነቱ ዶጎጎሬ» አሉ። ማሽኑ አይደለም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። ደረታቸውን በእጃቸው እየመቱ ደገሙት። «አነቱ! አነቱ ዶጎጎሬ።»

አባ ተማም ቀስ ብለው ተነሱ። «አሁን ያልከውን ከድር ፊት ትለዋለህ?»

«ወደዚያው ነው የምሄደው» አሉ።

የገበሬ ማህበሩ እስር ቤት ስንደርስ ጥበቃዎቹ ያለ ወረቀት አንፈታም አሉ። ጋሽ ሰይፉ እዚያው የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ወረቀት ዘርግተው ጥፋቱ የራሳቸው መሆኑን ጽፈው ፈረሙ። ከድር ወጣ። ግራ ጆሮው ላይ ጨርቅ ይዟል፤ በጠመንጃ ሰደፍ መተውት በዚያ በኩል መስማት አቁሟል። ጋሽ ሰይፉ ሊናገሩት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ በአጠገባቸው አለፈ። በእኔም አጠገብ አለፈ። ዘምዘም ከኋላው ሮጣ ደረሰችበትና ሁለቱ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ሰይፉን ወሰዷቸው። እስከ ፋሲካ ድረስ ታሰሩ። እኔ ስንቅ አደርስላቸው ነበር። አንድ ጊዜም ምግቡን፣ እስሩን፣ ወይም ሥራ አስኪያጁን አንስተው አማርረው አያውቁም። የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ጨፌ ውሃ ደረሰ? ጆሮውስ?» ውሃው ደርሷል፤ በቀጣዩም ዓመት ቫልቩን ቀዩ ምልክት ላይ አቆሙት እንጂ አላለፉም። ስለ ጆሮው ግን የምነግራቸው አልነበረኝም። ሲፈቱ ደረጃቸው ዝቅ ተደርጎ መጋዘን ውስጥ መለዋወጫ እቃ እንዲቆጥሩ ተመደቡ። የባለሙያ እጥረት ሲበዛ ከዓመታት በኋላ እንደገና ወደ መስክ መለሷቸው፤ እኔንም ራሳቸው ጠይቀው አስመደቡኝ።

ያ ሰው ግን ተለውጦ ነበር። ቀልዱ ቀረ። ሻይ ቤት ቧንቧ ቢንጠባጠብ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያጠብቁታል እንጂ ሰዓት አያወጡም። ፓምፕ ባዩ ቁጥር በርሜል ያስመጣሉ። ሰሌዳው ምንም ቢል፣ ሳይሞሉ፣ ሳይደግሙ፣ ሌላ ሰው ሳያስለኩ አይፈርሙም። ወጣት ቴክኒሻኖች በኋላቸው ይስቁባቸው ነበር። እኔ አልስቅም።

በዚያ መንገድ ባለፍን ቁጥር ደግሞ ወደ ጨፌ እንድታጠፍ ያዝዙኛል። ከድር ደጃፍ ይቆማሉ። ዘምዘም ትወጣና «የለም» ትላለች፤ ከድር ጓሮ ሲያስል እየሰማን። «እሺ እናቴ» ይሉና ይመለሳሉ። አንድ ጊዜ ስኳር ይዘው ሄዱ። ሳንርቅ ዘምዘም መኪናዋ ድረስ ተከትላ መጥታ፣ በትህትና ጉልበታቸው ላይ መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚሄዱት። እኔ ሁልጊዜ መኪናዋ ጋ እቀራለሁ። «አንተስ አትመጣም?» ብለውኝ አያውቁም፤ እኔም ልምጣ አላልኩም።

የመጨረሻው ጊዜ የለቀማ ወራት ነበር። ከድር ደጁ ላይ የቡና ፍሬ አስጥቶ በእንጨት እያገላበጠ አገኘነው። መኪናዋን አይቶ ወደ ቤት አልገባም። ጋሽ ሰይፉ ሄደው በስተግራው ቆሙ። ያኔ ኦሮምኛቸው ተስተካክሎ ነበር፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። መናገር ጀመሩ። ከድር ማገላበጡን ቀጠለ። ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ ከድር እንጨቱን አቆመና ሳያያቸው፣ «በዚህ በኩል አልሰማም። በወዲያ ዙሩ» አላቸው።

ጋሽ ሰይፉ ቡናውን እንዳይረግጡ ዳር ዳሩን ዞረው በቀኙ መጡ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ድምፃቸውን ስላወረዱ ከዚያ ወዲያ የተባለውን አልሰማሁም። ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ዘምዘም በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ሰይፉ ወደ መኪናዋ መጡ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«አንተን ይፈልግሃል» አሉኝ።

ሄድኩ። በየት በኩል እንደምቆም ግራ ገብቶኝ ከፊት ለፊቱ ቆምኩ። ከድር በአማርኛ ነው ያናገረኝ።

«እሳቸው ቁጥር አይተው ተሳሳቱ» አለ። «ሰው ቁጥር አይቶ ይሳሳታል። አንተ ግን እኔን ታውቀኝ ነበር። ከአንድ ሰሃን በልተናል። ለመንደሩ ሰው ‹ሊተኛ ብሎ ነው› ብለህ ስትተረጉም ድምፅህ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።»

ሾፌር ነበርኩ፣ የተባልኩትን ነው ያልኩት ልለው ነበር። እሱ ያለው ግን እውነት ነበር፤ አልተንቀጠቀጠም። ከድር እንጨቱን አነሳና ቡናውን ማገላበጥ ጀመረ። «ደህና ግቡ» አለኝ።

ስመለስ ጋሽ ሰይፉ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መንጃ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ ሲነዱም አይቼ አላውቅም። «ግባ» አሉኝ። በእሳቸው ቦታ ተቀመጥኩ። ምን አለህ አላሉኝም። ማርሹን እያስጮሁ፣ ጉድጓዱን ሁሉ እየገቡ፣ ላባቸው እየወረደ እስከ ሰርቦ ነዱ። ከተማው መግቢያ ላይ ዳር ይዘው ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን መንዳት ትችላለህ?»

«እችላለሁ» አልኳቸው።

ጉልበቴን ጨምድዶ የያዘውን እጄን አዩት። ከዚያ ማርሹን አስገቡና እስከ ጅማ እሳቸው ነዱ።